ታዛ ላይ የቀረው ምዕራፍ

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰኔ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ስር ተጠለልኩ። አጠገቤ የቆመችው የማላውቃት ልጅ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ኖሮ፣ ዝናቡ ሲነካካው ሽታው ወጣ። ለሌላ ሰው ይህ የቅቤ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የመጽሐፍ ሽታ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ የማውቀው መጽሐፍ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በአንዲት ልጅ አንገትና ትከሻ መሃል ተሸጉጦ በዝናብ የሚመጣ፣ ሲገለጥ ቅቤ ቅቤ የሚል መጽሐፍ ነበር።

ያን ጊዜ እኔና ያቺ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ወላጆቼ ሮብ ገበያ አጠገብ አራሾች ስለሆኑ፣ እኔ ለትምህርቱ ስል ደብረ ማርቆስ ከአክስቴ ቤት እኖር ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። አክስቴ የቆርቆሮ ቤት፣ ሰፊ ታዛ፣ ርስት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «አጥንት» ያላቸው ሴት ናቸው። አጥንት ስል የዘር ቆጠራውን ነው። ፊደል አይለዩም፤ ግን ከአባታቸው ጀምረው ሰባት ቤት ወደ ላይ ሲወጡ አንድም ቀን ተደናቅፈው አያውቁም፤ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። የሞቱት ሰዎች ምን እንደሠሩ ብትጠይቋቸው ግን አንዱንም አያውቁም። መወለዳቸው ይበቃል። አንቱ የምላቸውም በአፌ ነው፤ ልቤን ማንም አልጠየቀው።

ጓደኛዬ የቁይ ከተማ ልጅ ነበረች። እናቷ እዚያው ጠላ እየሸጠች ታስተምራታለች፤ እሷ እዚህ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በእንግሊዝኛ የሚደርስባት አልነበረም። እኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ስንፈታ እሷ ገጹን ጨርሳ፣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ትጠብቀናለች። ነጯ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ይህን አይታ አንድ መጽሐፍ አዋሰቻት፤ በአሜሪካ አገር ነጮች ብቻ ከሚማሩበት ትምህርት ቤት ካልገባሁ ብላ የተነሳች የአንዲት ጥቁር ልጅ ታሪክ ነበር። አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው፤ ትምህርት ሳይዘጋ መመለስ አለበት።

አንድ ቅዳሜ ታዛው ላይ ተቀምጠን በአማርኛ እየመለሰች ስታነብልኝ አክስቴ ከውስጥ ሰሙ።

«ማናት ይቺ አፈ ማር? ግቡ እንጂ፣ ምን ከደጅ ያስቀምጣችኋል!» አሉ።

በአንዴ እልፍኝ ገባን። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የንባብ ቀን ሆነ። የጎረቤት ሴቶች ጥጥና እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ። እየፈተሉ ይሰማሉ፤ ታሪኩ ሲጠብቅ እንዝርቱ ሁሉ ቀጥ ይላል፣ ሲላላ መልሶ መሾር ይጀምራል። የአክስቴ የነፍስ አባትም አይቀሩም። ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ቅኔ የተማሩ ናቸውና ሥርዓት አበጁልን። እሷ ጥቂት ታነባለች፣ በአማርኛ ትፈታዋለች፣ ከዚያ «ንባቡ ይቆየን፤ ትርጓሜው ይምጣ» ይላሉ። ያን ጊዜ ሁሉም የመሰለውን ይናገራል። እኔም እናገራለሁ፤ እስከዚያን ጊዜ ድረስ በዚያ ቤት «ውኃ አምጪ» ከመባል በቀር አፌ ምን እንደሚሠራ የጠየቀኝ አልነበረም።

«ለመሆኑ ለምንድን ነው የማያስገቧት?» አሉ አክስቴ የመጀመሪያው ቀን።

«ጥቁር ስለሆነች ነዋ፣ እሜቴ» አለች ጓደኛዬ።

«ጥቁር ስትይ እንደምን ያለ ጥቁር?»

«እንደኛ ያለ።»

«ኧረ በሥላሴ! እኛ ደግሞ መቼ ጥቁር ሆንን? እኔ ቀይ ዳማ አይደለሁም?» ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን አሳዩን።

«እዚያ አገር ቢሄዱ እሜቴ፣ እርስዎንም ከደጅ ነው የሚያቆሙዎት።»

«እኔን? አጥንቴን ብቆጥርላቸውስ?»

«ማን ይሰማዎታል?»

አክስቴ እንደዚያ ሲደነግጡ አይቼ አላውቅም። ሰባቱ ቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ የተናደባቸው መሰሉ። «ይኸ ነጭ እርኩስ!» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ የልጅቱ ቅድመ አያቶች በመርከብ ተጭነው መሸጣቸው ሲነበብ አለቀሱ። የአክስቴ እንባ እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ ቶሎ ይመጣል፣ ያረጥባል፣ ምንም አያበቅልም።

የነፍስ አባትም ትርጓሜያቸውን ሰጡ፤ ያማረ ትርጓሜ ነበር፣ መካድ አልችልም። «ሙሴ ኢትዮጵያዊቱን ባገባ ጊዜ እኅቱ ማርያም አማችው። እግዚአብሔርም በለምጽ መታት፣ እንደ በረዶም ነጣች። በቆዳ የናቀች በቆዳዋ ተቀጣች» አሉ። ሴቶቹ «እሰይ! ይበላት!» አሉ። ነጯ አስተማሪያችን በዚያ ሰዓት በደጅ ብታልፍ ኖሮ በለምጽ የተመታች ትመስላቸው ነበር።

አሁን ይህን ስጽፍ አክስቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው ያዩኛል።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስፈግግሽ? ምን ትጽፊያለሽ?» አሉኝ።

«ስለ እርስዎ ነው።»

«ደግ አደረግሽ። አጥንቴን እንዳትረሺ» አሉ። ኧረ አልረሳም!

ሳምንታት ሲያልፉ አክስቴ ጓደኛዬን ወደዷት። በእጃቸው አጎረሷት፣ ከሁሉም ፊት አጠገባቸው አስቀመጧት። ፍቅሩ ከልክ ሲያልፍ ምን አሰቡ መሰላችሁ? ለወንድ ልጃቸው ሊያጯት! ልጃቸው አውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤት ማኅተም ሲመታ ይውላል፤ አንድ መስመር ሲያነብ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ለጓደኛዬ ማንም አልነገራት። በእኛ አገር ልጅቷ ከመጠየቋ በፊት የምትጠየቀው አጥንቷ ነው። የነፍስ አባት ለታቦት ንግሥ ወደ ቁይ ሲወርዱ፣ እግረ መንገዳቸውን የልጅቷን ዘር ቆጥረው እንዲመጡ አደራ ተባሉ። ያው የሙሴን ሚስት የተረጎሙልን ሰው! ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ሲመለሱ እኔ ጓዳ ነበርኩ።

«በአባቷ ደህና ነው። በእናቷ ግን አይሆንም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእናቷ እናት የባላባቱ ቤት ባሪያ ነበረች።»

«በስመ አብ!» አሉ አክስቴ። እጃቸውን ገልብጠው እያዩ፣ «በእጄ አጉርሻታለሁ እኮ፣ አባቴ!»

«ባለማወቅ ነው። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

አክስቴ ጓደኛዬ የምትጠጣበትን ብርጭቆ በአመድ እንዳሸው አዘዙኝ። ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ባርነት ቀረ ብለው ያወጁት እኚሁ ጃንሆይ ናቸው፣ ያውም እኔና ጓደኛዬ ሳንወለድ። አዋጁ ከቤተ መንግሥት ተነስቶ እስከ አክስቴ ግድግዳ ደርሷል፤ ከግድግዳው ወደ መደቡ መውረድ ነው ያቃተው።

ግን ደግሞ አንድ ጣጣ ነበረ። ታሪኩ አላለቀም። ባለፈው ቅዳሜ ያቆምነው የመጽሐፉ ልጅ ለመጀመሪያው የትምህርት ቀን ልብሷን ለብሳ ወደ ትምህርት ቤቱ ስትነሳ ነው። የቀረው አንድ ምዕራፍ ሲሆን መጽሐፉ ሰኞ ይመለሳል። አክስቴ ሳምንቱን ሙሉ ተቁነጠነጡ። ዘራቸው አንድ ነገር ይላቸዋል፣ ጆሯቸው ሌላ። በመጨረሻም ዓርብ ለት መላ አገኙ።

«ከታዛው ላይ ተቀምጣ ታንብብልን። በሩን ከፈት እናደርገዋለን፣ ድምጿ ይሰማናል። ነውር አለው፣ አባቴ?»

የነፍስ አባት ጺማቸውን እየጎተቱ አሰቡ፤ የዲማን ሊቃውንት ሁሉ በልባቸው የሚያማክሩ ነው የሚመስሉት። «የለውም» አሉ። «ድምፅ ዘር የለውም።»

ይህችን ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ ይዣታለሁ። ሃያ ዓመት ቅኔ ተቆጥሮ የሚገኘው ፍሬ ይህ ከሆነ፣ እኔ ጎመን መልቀም እመርጣለሁ።

በማግሥቱ ጓደኛዬ ቤት በጥዋት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጋብቻውን፣ ቆጠራውን፣ ብርጭቆውን፣ ታዛውን። እንዳትመጪ አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ሳቀች።

«ሳልታጭ ተፈታሁ በይኛ!» አለች። ሳቋ ሲያልቅ መጽሐፉን አንስታ አየችው። «ግን እመጣለሁ። ልጅቷን መንገድ ላይ ጥያት አልቀርም።»

ያን ቀን ዝናቡ የጀመረው ገና ሳይነበብ ነው። ጓደኛዬ ታዛው ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በጣሳ ጠላ ተቀድቶ መሬት ላይ ተቀመጠላት፤ ዞር ብላም አላየችው። እኔ ነጠላዬን አንጥፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አክስቴ «አንቺ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል» አሉኝ፤ «ደህና ነኝ» አልኩ። ሴቶቹ ከነእንዝርታቸው፣ የነፍስ አባት ከነጭራቸው እልፍኝ ውስጥ ናቸው። ማንበብ ጀመረች።

መጀመሪያ ድምጿ ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን በመጮህ ፈንታ ዝቅ አደረገችው። «ምን አለች? ምን አለች?» ይባባላሉ ውስጥ። አንዷ ሴት በርጩማዋን ወደ በሩ ጎተተች። ዝናቡ ባሰ፤ እሷ ይበልጥ ዝቅ አለች። ሁሉም በርጩማቸውን እየጎተቱ ተጠጉ። አየችኝ፣ አየኋት፤ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። ልጅቷ በነጮቹ ጩኸት መሃል ስትሄድ አክስቴ ከበሩ መድረክ ላይ ተቀምጠው ነበር። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ ባለአጥንቷ አክስቴ አንድ እግራቸውን ታዛው ላይ አውጥተው፣ የጣሪያው ፍንጣቂ ቀሚሳቸውን እያበሰበሰው፣ አንገታቸውን እንደ ዶሮ አስግገው ያዳምጡ ነበር። የነፍስ አባትም ከኋላቸው ቆመው ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደግፈዋል። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደዚያ ቀን ቆንጆ ነገር አይቼ አላውቅም።

ልጅቷ በሩ ላይ ደረሰች። በረኞቹ መንገዱን ዘጉት። ጓደኛዬ ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«ንባቡ ይቆየን» አለች። «ትርጓሜው ይምጣ። ትግባ ወይስ ከደጅ ትቁም?»

«ትግባ እንጂ!» አሉ አክስቴ በቁጣ። «ሰው አይደለችም?»

«አባስ ምን ይላሉ?»

«ትግባ። ሕጉም መጽሐፉም ትግባ ነው የሚለው።»

«አጥንቷ ቢቆጠር እኮ የባሪያ ልጅ ናት፣ እሜቴ። ቅድመ አያቶቿ ሲሸጡ አንብቤልዎት አልቅሰው ነበር።»

እንዝርቶቹ ሁሉ ቆሙ። የቆርቆሮው ጩኸት ብቻ ቀረ። አክስቴ ሰሟት፤ እንደሰሟት ከዓይናቸው አየሁ። ከእሷ የሚለያቸው አንድ ክንድ አይሞላም፤ ግማሽ ገላቸው ራሱ ደጅ ነው። የሚጠበቅባቸው አንድ ቃል ነበር። «ግቢ» ማለት። ከዚያ በፊት ሳያውቋት ብለዋት ነበር እኮ፤ አፋቸው ለምዶታል። የነፍስ አባትን ዞረው አዩ። የነፍስ አባት ጭራቸውን አዩ። ሴቶቹ ጥጣቸውን አዩ።

«ምዕራፉን ጨርሺልን እንጂ፣ ልጄ» አሉ አክስቴ በመጨረሻ፣ በልመና ድምፅ።

ጓደኛዬ መጽሐፉን ከደነችው። በነጠላዋ ጠቅልላ አንገቷ ስር ሸጎጠችውና ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ተከተልኳት። ከኋላዬ አክስቴ «ምነው? ምን አልኩ?» ሲሉ ይሰማኛል።

ዛሬም አልገባቸውም። ጓደኛዬ በዚያው ክረምት የሚኒስትሪ ፈተናዋን አልፋ የነርስ ትምህርት ልትማር ሩቅ አገር ሄደች፤ አልተመለሰችም። አክስቴ ግን አንዳንዴ እንቅልፍ ሲያጡ «ኧረ ለመሆኑ ያቺ ልጅ ገባች?» ይሉኛል። መጨረሻውን አውቀዋለሁ። «እኔ እንጃ» እላለሁ፤ እንደዚያ እያልኩ እስከ ሽበቴ መኖር እችላለሁ።

ያን ቀን ከጓደኛዬ ክፍል ገብተን፣ የረጠበ ልብሳችንን ጨምቀን፣ አልጋዋ ላይ ተጠጋግተን የቀረውን ምዕራፍ አነበበችልኝ። ወደ አማርኛ ሳትመልሰው በእንግሊዝኛ ብቻ አነበበችው፤ እኔም ሁሉም ገባኝ። ስትጨርስ እኔ ገና በአክስቴ አቀማመጥ እየሳቅኩ፣ አንገቴን እያሰገግኩ አስመስላቸው ነበር። እሷ አልሳቀችም። ከመስኮቱ በሚገባው ትንሽ ብርሃን ፊቷን አየሁት።

«ግቢ ቢሉኝ ኖሮ» አለችኝ፣ «እገባ ነበር እኮ። ደስ ብሎኝ ነበር የምገባው።»