የችግኜ እሾህ

ችግኜ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሲሠራ የወጣለት ቅጽል ስም ግን ጡረታ አልወጣም። ይባስ ብሎ አገሩን ቀስፎ የያዘውን መጤ ዛፍ ሰው ሁሉ «የችግኜ እሾህ» ይለዋል። አይፈረድበትም፤ አሸዋ ይገታል ተብሎ ሲመጣ ቤት ለቤት ያደለው እሱ ነው። አሸዋውስ ተገታ፤ ሳሩም፣ የጉድጓዱ ውሃም፣ መተላለፊያውም አብረው ተገቱ እንጂ!

ዘመዴ የሚላት ታላቅ እህቱን ብቻ ነው። የእሷም ማሳ በእሾህ ተውጦ ሁለት ክረምት ጦሙን አደረ። ልጇ ከከተማ ደውላ «እማዬ፣ ዘንድሮም ካልዘራሽ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብላ ቁርጡን ነገረቻት። እሷ ደግሞ የሰው ፎቅ ላይ ተጥዳ ከመዋል ሞቷን ትመርጣለች።

ችግኜ ይህን ሰማና «እትዬ፣ ዝናብ ሳይጥል አጸዳልሻለሁ» አላት።

«በዚህ ወገብህ?» ብላ ሳቀችበት።

ዛፉን ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ሥሩን ቆፍሮ ማውጣት ግድ ነው። ሰባ ሦስት ቀን ቆፈረ። እሾሁ የጫማውን ሶል እየበሳ እግሩን አቆሰለው። የመጨረሻውን ሥር የነቀለ ዕለት መሬት ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ትኩሳት ሁለት ቀን አስተኛው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ማሳው ሲመጣ እህቱን ባዶ ጆንያ ስታራግፍ አገኛት። ማሳው ዳር እስከ ዳር ጠቁሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የፍየል በጠጥ ነዋ! አፈሩ ደክሟል እኮ። አንተ እንዲህ ስትለፋ እኔስ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ከጎረቤት ሁሉ ለምኜ ትናንትና በተንኩት፤ ማታ ደግሞ ዝናቡ ጣለልኝ።»

የጎረቤት ፍየሎች ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት የዛፉን ፍሬ ነው። ዘሩ በፍየል ሆድ ካለፈ እንዴት ፈጥኖ እንደሚበቅል ደግሞ ከችግኜ በላይ የሚያውቅ የለም። ያኔ ጣቢያው ውስጥ ዘሩ አልበቅል ሲል ለፍየል አብልቶ በጠጡን የዘራ፣ ለዚህም የምስክር ወረቀት የተሸለመ ብልጥ እሱ ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እሱ ግን አዋቂ ተብሎ ነው የለቀለቀው።

«ምነው? አጠፋሁ?»

ሊዋሻት ፈልጎ አልሆነለትም፤ ሁሉንም ነገራት። አንዱን በጠጥ ጎንበስ ብላ አንስታ በጣቷ ፈረከሰችው፤ ሦስት የእሾሁ ዘር ወጣ። የቀረውን ዝናቡ አሟሙቶ ከአፈሩ ቀላቅሎታል፤ አይለቀም ነገር።

«እና ምን ይሻላል?»

«ይህን ሁሉ ዳግም የምነቅልበት ጉልበት የለኝም፤ ለልጅሽ ደውዪላት፤ ትምጣ በያት» አለ ችግኜ ፊቱን አዙሮ።

አልተቆጣችውም። «እኔስ እሺ» አለችው፤ «አንተን ማን ሊያይህ ነው?»