ዘብ ሲለወጥ ቆሞ ማየት

ዲላ እንግዳ ሲመጣብን የምናሳየው ብዙ ነገር አልነበረንም። ቡና ገበያውን ያየ፣ ወንዙ ድረስ ወርዶ የተመለሰ እንግዳ፣ አመሻሹ ላይ ከመንግሥት ግቢው በር ዘብ ሲለወጥ እንዲያይ ይወሰድ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣችው የባሌ እህት እንኳ ጫማዋን አስጠርጋ፣ ጃንጥላዋን ይዛ፣ እስቲ የእናንተንም እንየው ብላ ሄዳለች። እኔ አብሬያት አልሄድኩም። እንዴት እንደሚታይ ግን ነግሬ ሰደድኳት። ለሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

ከበሩ ፊት ለፊት አትቁሙ። ከማዶ፣ በሱቆቹ ጥላ ስር ቁሙ። ጃንጥላ የያዘ ሰው አጥፎ ጫፉን ወደ መሬት ያድርግ፤ በብብት ተይዞ ጫፉ ወደ በሩ ከዞረ ነገር ያመጣል። እጃችሁ ከነጠላ ውጪ ይታይ። ጥሩንባው ሲነፋ ባላችሁበት ቀጥ ማለት ነው፤ እንጨት የተሸከመች ከነእንጨቷ፣ አህያ የሚነዳም እንደዚያው። አህያዋ እንቢ ብላ ብትሄድ እሱ ይቆማል እንጂ አይከተላትም። ባንዲራው ወርዶ እስኪታጠፍ ጉንጭ አይታከክም። በጣት መጠቆም የለም። ከሁሉም በላይ ከዘቦቹ አንዱን ለይታችሁ አትዩ። ሁሉንም እዩ። አንዱን ለይታችሁ ያያችሁ እንደሆነ እሱም ያያችኋል።

የባሌ እህት ሳቀችብኝ። ላየው እንጂ ልዘምትበት ነው እንዴ አለችኝ። ምን ታድርግ፣ የሷ ልጅ አልቆመበትም።

የኔ ቆሞበታል። የበኩር ልጄን ከገደብ ገበያ ሲመለስ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ስልጠናው እንዳለቀ አብረውት የነበሩት ልጆች በመኪና ተጭነው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦርነቱ ሄዱ። እሱን ያተረፈው ቁመቱ ነው። ለአብዮት በዓሉ ትልልቅ ሰዎች ስለሚመጡ በሩ ላይ ዓይን የሚሞላ ዘብ ይቁም ተብሎ ረጃጅሞቹ ተለይተው ቀሩ።

እሑድ ምግብ ሳደርስለት በአጥሩ በኩል አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። አስር አለቃቸው በደንብ የቆመ እዚሁ ይቆያል፣ ያጠፋ በሚቀጥለው መኪና ይሄዳል ብሏቸዋል። ማጥፋት ማለት እግር መሳት ነው፤ ጠመንጃ ማወዛወዝ ነው፤ ከሰው ጋር መተያየት ነው። "እማዬ፣ ማየቱን እዪኝ፤ ግን እንዳላወቅሽኝ ሁኚ" አለኝ። ስለ አባቱም ጠየቀኝ። ባሌ ያን ክረምት ደረቱን ታሞ ተኝቶ ነበር። እየተሻለው ነው አልኩት። ፊቴን አየ፤ እንዳላመነኝ አወቅኩ።

ከዚያ ወዲያ አመሻሽ ላይ መሄድ ሥራዬ ሆነ። ከበሩ ማዶ ሱቅ ያላት አንዲት እስላም ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ታስቆመኝ ነበር። ጨውና ላምባ ትሸጣለች። ልቧ ደግ ነው፣ ምላሷ ግን ምሕረት የለውም። ምሰሶዋን ተደግፌ ስንቀጠቀጥ ስታይ "አንቺ ሴትዮ፣ ቤቴን ልታፈርሺብኝ ነው" ትለኛለች። ደግሞ ልጄን ሰረቅ አድርጋ አይታ፣ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ ወልዳ አሳድጋ ትሄዳለች እንጂ እሱስ አይነቃነቅም፣ አይዞሽ ትላለች።

እኔ ዝንቧንም እፈራ ነበር። ሳል ቢይዘውስ? ቡቱ ጠብቦት ቢሆንስ? ዝናብ ሲጥል በሩ ስር ያለው ድንጋይ ያዳልጣል፤ ቢወድቅስ? እግሩን አንስቶ መሬቱን በመታ ቁጥር እኔን ጉልበቴ ላይ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ቀን የእድራችን ትልቅ ሴት ወናጎ ከተማ አረፈች ተባለና ከእድሩ ሴቶች ጋር ለቀብር ሄድኩ። የልጄን ነገር፣ የባሌን ነገር ጨምሬ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ለሟቿ መሰለውና ደጋግፎ አስቀመጠኝ። ስንመለስ ቡና የጫነ መኪና ለምነን ተሳፈርን። ሾፌሩ ሌሎቹን ከተማው መግቢያ ላይ አወረደና እኔን ከግቢው በር ትይዩ፣ መንገዱ ላይ ጣለኝ። መኪናው ራቅ ከማለቱ ጥሩንባው ተነፋ።

ባለሁበት ቀጥ አልኩ። ከልጄ ፊት ለፊት ነኝ። ቦታዬ እዚህ አይደለም ብዬ ስደነግጥ፣ የልጄ ዓይን እኔ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ፊቴን አየ፣ አንገቴን አየ፣ ተመልሶ ፊቴን አየ። ያኔ ነው የገባኝ። ነጠላዬን ለለቅሶ እንዳዘቀዘቅኩት ነኝ። ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አገጬ ስር ነው። ዓይኔ አብጧል። አፌን ሳልከፍት አባትህ ሞተ እያልኩት ነበር።

የጠመንጃው ጫፍ ላይ ያለው ሳንጃ ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጧ ትንሽ ናት፤ የወለደች ካልሆነች ማንም አያያትም። አስር አለቃው ጀርባውን ለዘቦቹ ሰጥቶ ለባንዲራው ሰላምታ ይዟል። ባንዲራው ወርዶ ሲያልቅ ይዞራል፤ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ልጄም እግሩን ማንሳት አለበት። በዚያ ጉልበት ግን አያነሳም። ሲላላ እያየሁት ነው። ከንፈሩ ተላቀቀ። ሊጠራኝ ነው። ከጠራኝ መኪናው ላይ ነው። እኔ ከተንቀሳቀስኩ ደግሞ ባንዲራ ናቀች እባላለሁ፤ እንዲህ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ለዲላ ሰው አይነገረውም።

ባንዲራው ግማሽ ወርዷል። እጄን አነሳሁ። የኔ እጅ አልመስል አለኝ፤ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ነጠላዬን ከአንገቴ ፈትቼ ገለበጥኩትና ጥለቱን ወደ ታች ለቀቅኩት። ገበያ ስወጣ እንደምለብሰው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩት። ከኋላዬ ሱቀኛዋ "ያ ረቢ" ስትል ሰማሁ።

ልጄ አፉን ገጠመ። ሳንጃው ግን አልቆመም።

አስር አለቃው የሱቀኛዋን ድምፅ ሰምቶ ይሁን ወይ እኔን በጎን አይቶኝ አላውቅም፤ ባንዲራው እንደታጠፈ ዞረና መንገዱን አቋርጦ ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣ።

"ባንዲራ ሲወርድ ምን ያነቃንቅሻል?"

"ጌታዬ..."

"ጌታ ቀርቷል። ጓድ በይ።"

ጓድ ማለቱን ረሳሁት። ድምፄን ግን ከፍ አደረግሁ፤ አጠገቤ ለቆመ ሰው ከሚበቃው በላይ።

"ከሰው ለቅሶ መጥቼ ነው። የእድር ሴት ናት፤ አሮጊት ናት። የኔ ቤት ሰው ሁሉ ደህና ነው። ባሌም ደህና ነው፤ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ይለቅማል።"

ባሌ ቡና ሊለቅም ቀርቶ ከአልጋ አልወረደም። በሕይወት መኖሩ ግን እውነት ነው። አስር አለቃው ከላይ እስከ ታች አየኝ። ወደ ኋላው ሳይዞር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ይሄን የምትነግሪው ለኔ ነው?" አለኝ።

ነጠላዬን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። እሱ ወደ ዘቦቹ ሊዞር አለና ተወው።

"ከነገ ጀምሮ እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ። ካየሁሽ ሁለታችሁንም ነው።"

ሁለታችሁ ያላቸው እነማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ተመልሶ ሄደና ትእዛዙን ሰጠ። ልጄ እግሩን አነሳ። ከጓደኛው ትንሽ ዘግይቶ ነው ያነሳው፤ ግን አነሳ፣ መሬቱንም መታ። ሱቀኛዋ ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ።

ከዚያ በኋላ ዘብ ሲለወጥ የማየው በጆሮዬ ሆነ። ሱቀኛዋ ከጓዳ፣ ከጨው ጆንያዎቹ መሃል ታስቀምጠኛለች። ከዚያ ሁሉ ቡት የልጄን ለመለየት እሞክራለሁ። ለየሁት ብዬ እምላለሁ፤ መልሼ እጠራጠራለሁ። ያ የዘገየ እግሩ ተቆጥሮበት ይሆን እያልኩ ሌላውን ሁሉ ረሳሁ።

በዓሉ ባለፈ በማግስቱ ጠዋት ሸራ የለበሱ መኪኖች ከግቢው ወጥተው የአዋሳን መንገድ ያዙ። ውስጣቸው ሰው ይዘፍናል። በሸራው ስለተሸፈኑ ማን እንዳለበት አይታይም። መንገድ ዳር ወጥቼ የሁሉንም ጎማ አየሁ፤ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ጓዳው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ዘቦቹ ወጥተው የሚሰለፉበት ሰዓት ደርሷል፤ ጥሩንባው ግን ገና ነው። ሱቁ ውስጥ አንድ ደንበኛ ቆሞ ስለነበር ሱቀኛዋ ቶሎ አልመጣችም። ጨው መዘነችለት፣ ቋጠረችለት፣ ሚስቱን ጠየቀችው፣ ሸኘችው። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አንገቷን አስገባች።

"ቆሟል" አለችኝ።

"ሌላ ረጅም ቢሆንስ?"

"ያንን አፍንጫ አንቺ ብቻ ነሽ የወለድሽው። ቆሟል አልኩሽ።"

ተነስቼ በመጋረጃው ቀዳዳ ልየው አልኩና ተውኩት። የሄዱት መኪኖች ተመልሰው እንደሚመጡ እሷም እኔም እናውቃለን። ጆንያው ላይ ቁጭ እንዳልኩ፣ ቡቱ መሬቱን እስኪመታ ጠበቅኩ።