ከቃሉ ሥር ያደረግኳት ነጥብ

መጀመሪያ የጠፋው አንድ ቃል ነው። ልጄ ናኦድ አሥራ ሁለት ቃላት በስልክ ሲደግምልኝ አሥረኛውን ዘለለው። ሰማሁት። በደብተሬ ላይ ከቃሉ ሥር በእርሳስ አንድ ነጥብ አደረግኩ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ይህን የምጽፈው ልጇ ወይም ባሏ ጭንቅላቱን ተመትቶ «ደህና ነኝ» የሚላት ሴት ብታነበው ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። ናኦድ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ፣ በኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኳርተርባክ የነበረ ልጅ ነው። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ተጫዋች ነው። ኮሌጅ እያለ አሰልጣኞቹ ከዳር ሆነው ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ያነሡለታል፤ እሱን አይቶ ይጫወታል። ኳሱንም ከአቀባዩ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆሞ ስለሚቀበል ሜዳው በሙሉ ይታየዋል። የፕሮ ቡድን ለሙከራ ወደ ካምፕ ሲጠራው ግን ያወቀው ሁሉ እንደ አዲስ ሆነበት። የአሰልጣኙ ድምፅ የሚመጣው በሄልሜቱ ውስጥ ነው። አንዱ ትእዛዝ ብቻ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ቃል አለው፤ ሰዓቱ ሲያጥር ድምፁ ይቆረጣል። ናኦድ ያንን አንዲት ቃል ሳያጎድል ለአሥር ግዙፍ ሰዎች መልሶ መናገር አለበት። ከዚያ ወደ አቀባዩ ጀርባ ተጠግቶ ኳሱን ከእጁ ይወስድና በፍጥነት ያፈገፍጋል።

«እማ፣ ኮሌጅ ላይ ሰውዬው ኦፕን ሲሆን ነበር የምወረውረው» አለኝ አንድ ቀን። «እዚህ ኦፕን እስኪሆን ከጠበቅኩ፣ ኢትስ ኦቨር።» ኦፕን የሚለው ኳስ ተቀባዩን የሚከለክለው ሰው ሳይኖር ነው።

እኔ የትምህርት ቤት ኩሽና ሠራተኛ ስለሆንኩ ትምህርት ሲዘጋ ሥራ የለኝም። ስለዚህ አስጠኚው እኔ ሆንኩ። ትእዛዞቹን በእንግሊዝኛ ሳነብ ምላሴ ስለሚተሳሰር እሱ እየነገረኝ በአማርኛ ፊደል በደብተር ጻፍኳቸው። «የቡድኑ ሚስጥር ነው፤ ለማንም እንዳታሳዪ» ስላለኝ ደብተሩን ከውዳሴ ማርያሜ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩት። ካምፕ ከገባም በኋላ ከምሳ በኋላ ባለችው ዕረፍቱ ይደውላል። «ትሪፕስ ራይት፣ ዚ ሾርት፣ ቱ ጄት፣ ኤክስ ዲግ…» እያልኩ አነብለታለሁ፤ እሱ ይደግማል።

«እማ፣ ፕሊስ! እንደ ዳዊት አታንብቢው» እያለ ይስቅብኛል። እውነቱን ነው፤ በዜማ ነበር የማነበው።

ፍልሰታ ገባ። ልጄ ቡድኑ ውስጥ እንዲቀርልኝ ለእመቤታችን ተስዬ ሱባኤ ያዝኩ። እሱም «አብሬሽ እጾማለሁ» ብሎ ሥጋና ወተት ተወ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሥጋ እንደ ተራራ በሚቆለልበት ካምፕ ልጄ ሩዝና ባቄላ ይበላ ነበር።

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ልምምድ ላይ ወደቀ። የመታው ሰው አልነበረም። ከአቀባዩ እጅ ኳሱን ወስዶ ሲያፈገፍግ የራሱን ጓደኛ እግር ረገጠ፤ ለዚያ እርምጃ እግሩ ገና አዲስ ነበር። የጭንቅላቱ ጀርባ መሬቱን መታ። ቶሎ ተነሣና ሳቀ። የነገረኝም እየሳቀ ነው።

በማግስቱ ራሱን አመመው። ብርሃን አስጠላው። አቅለሸለሸው። ያን ቀን ነው አሥረኛውን ቃል የዘለለው።

«ጾሙ ነው» አልኩት። «ሥጋ የለመደ ሰውነት አይደል፤ ይለምደዋል።»

«ሜይቢ» አለ። «ለሐኪሙ ልንገረው እንዴ?»

ጠየቀኝ። እኔን ነው የጠየቀው።

በእኛ ቤት ሕመም አይወራም። ለሰው ከተነገረ የሰው ዓይን ያገኘዋል፣ ይጸናል እየተባልን ነው ያደግነው። በዚያ ላይ ካምፑ ውስጥ አራት ኳርተርባኮች ነበሩ፤ ሁለቱ እንደሚሰናበቱ ሁሉም ያውቃል። ከልምምድ የቀረ ቦታውን ለሌላ ሰጠ ማለት ነው። «ሰው እንዳይሰማ» አልኩት። «ሱባኤው እስኪያልቅ ቻለው። እመቤታችን ታውቃለች።»

ይህን የተናገረው የእኔ አፍ ነው።

በሚቀጥለው ቀን ሁለት ነጥብ አደረግኩ። ከዚያ አራት። ከዚያ ስድስት። አንድ ቀን «ለምንድን ነው የምትቸኩዪው?» ብሎ ጮኸብኝ። ጮኾብኝ አያውቅም። እኔም አልቸኮልኩም ነበር።

ቅዳሜ ቀን ከሌላ ቡድን ጋር የሙከራ ጨዋታ ነበር። ታኮማ ፓርክ የሚኖሩት የክርስትና አባቱ ጋሽ ታምራት መጥተው አብረን ቲቪ ፊት ተቀመጥን። «ይሄን ጨዋታ ሠላሳ ዓመት አየሁት፤ ኳሱ ማን ጋ እንዳለ እስካሁን አላውቅም» ብለው አሳቁኝ። ሊያልቅ ሲል ናኦድ ገባ።

ጓደኞቹ ከበቡት። አፉ ተንቀሳቀሰ። ቆመ። እንደገና ተንቀሳቀሰ። አንዱ ትከሻውን ያዘው። አወቅሁ። ቃሉ ጠፍቶታል። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሳያውቅ እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ አወቅሁ።

ኳሱን ወሰደ። አፈገፈገ። መቱት። ተነሣ። ወደ ተጋጣሚው ቡድን ወንበር መራመድ ጀመረ።

«የት ነው የሚሄደው ይሄ ልጅ?» አሉ ጋሽ ታምራት።

ተንበረከከ። አስመለሰ። ወደቀ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሲቲ ስካን ተነሥቶ ነበር። ሰብዱራል ሄማቶማ አሉን። በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ደም ፈሷል። ዶክተሯ ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ «ደሙ ለጊዜው ትንሽ ነው። ካልጨመረ ራስ ቅሉን አንከፍትም። ከጨመረ ግን እንከፍታለን። በዚህ ሰሞን ሌላ ጊዜ ተመትቶ ነበር?»

ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ተናገሪ እንጂ!» አሉኝ ጋሽ ታምራት።

ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ፊደሉን አታውቀውም፤ ነጥቦቹን ግን አየች። «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለች።

«የዘለላቸው ቃላት።»

ገለጠች። ሌላ ገጽ ገለጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወደቀ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ጾሙ መስሎኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የመጀመሪያው ኮንከሽን፣ የአንጎሉ መናወጥ፣ ሳይድን ነው በላዩ ሌላ የተመታው» አለች። «ባዶ ሆድ ራስ ሊያሳምም ይችላል። የሚጠፋ ቃል ግን የአንጎል ምልክት ነው።»

ሁለተኛው ስካን ላይ ደሙ ጨመረ። እሱ ገና ስላልነቃ ለቀዶ ጥገናው ፈርሚ አሉኝ። ፈረምኩ። ውዳሴ ማርያሜን ከፈትኩ፤ ማንበብ አቃተኝ። በምን ፊቴ ልለምን? በክርስትና ስሙ «ገብረ ማርያም፣ ገብረ ማርያም» ብቻ አልኩ። ከዚያ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

ሦስተኛው ስካን ላይ ደሙ ቆመ። አልከፈቱትም።

ሲነቃ «እማ» አለኝ፤ ውሃ ለማለት ግን ቃሉን አጥቶ በጣቱ አሳየኝ። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ጋሽ ታምራት በመኪናቸው አሌክሳንድሪያ ወደሚገኝ ክሊኒክ ያመላልሱን ነበር። እዚያ ሚዛኑን የሚያስተካክሉበት ቬስቲቡላር ቴራፒና የንግግር ቴራፒ ጀመረ፤ እኔም በመንገዳችን ያለውን የወንዝ ድልድይ በተሻገርን ቁጥር የመኪናው መናወጥ ስለሚያሳምመው ራሱን በሁለት እጄ ደግፌ እቀመጥ ነበር። የንግግር ባለሙያዋ «ከመታመሙ በፊት በቃሉ የሚያውቀው ነገር አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ ያንኑ ደብተር አወጣሁ፤ የሚስጥርነቱ ነገር አበቃ። በመጀመሪያው ቀን ከአሥራ ሁለቱ ሦስት ቃል ብቻ ደገመ፤ በወሩ ሰባት ደረሰ፤ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ወደ አምስት ይመለስና እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቅስ ነበር።

ኒውሮሎጂስቱ፣ የአንጎል ሐኪሙ፣ «ከእንግዲህ መጫወት የለም» ያለው በዚያ መካከል ነው። ናኦድ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ነገር አልተመኘም። ለብዙ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። በመጨረሻ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ «ዝም በል ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ፊቱን ሳያዞር ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ «እኔም… አልተናገርኩም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዊ ቦዝ ዲድ ኢት፣ እማ» አለኝ። እጁን ወደ ኋላ ዘረጋልኝ፤ ያዝኩት።

ለንስሐ አባቴም ሁሉን ነገርኳቸው። «የታመመ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም» አሉኝ። «ሕመም መደበቅን ደግሞ ከማን ተማርሽው? ከእኛ አይደለም።»

ልጄን ለመለሰልኝ አምላክ፣ ላላሳፈረችኝ እመቤቴ፣ ነጥቦቹን አይታ ላልናቀቻቸው ዶክተር፣ ቤንዚኑንም ቀኑንም ለሰጡን ጋሽ ታምራት ምስጋናዬ አያልቅም። ምክሬ አጭር ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ቃል ከጠፋው በዚያው ቀን ለሐኪም ንገሩ። ጾም ነው፣ ድካም ነው፣ ዓይን ነው አትበሉ። ጸልዩ፤ ግን ስልኩን እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ጸልዩ።

ናኦድ አሁን ኮሌጅ ተመልሶ አንድ ትምህርት ብቻ ይዟል። አልፎ አልፎ ደብተሩን እናወጣለን። ትናንት ከምሳ በኋላ በዜማዬ አነበብኩለት፤ እሱም ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱን ደገመ። አንድ ነጥብ አደረግኩ።

«እማ፣ ኢትስ ጀስት ዋን ወርድ» አለኝ እየሳቀ።

እኔ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ክሊኒኩ እስኪያነሣ እየጠበቅሁ ነበር።