ፀሐይ የመታው ተሰማ

ባለፈው ሳምንት እህል በረንዳ አንድ ተሸካሚ እግሩን ከፈት ከፈት እያደረገ ሲራመድ አየሁና «ምነው ልጄ?» አልኩት። «ፀሐይ መትቶኝ ነው ጋሼ፤ የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ግን ይቺን ቃል አውቃታለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ እዚያው ጆንያ እሸከም ነበር። ጓደኛዬ ተሰማ የጎጃም ልጅ ነው፤ ጉልበቱ የበሬ፣ አፉ የአዝማሪ። የጤፉ ብናኝ ጉሮሯችንን ሲያንቀው ውሎ፣ ከሰዓት በኋላ ጆንያ ላይ ጋደም ብለን ጫት እንቅማለን። አመሻሽ ላይ እኔ ወደ ሽሮዬ፣ እሱ ምርቃናውን ሊሰብር፣ ጨብሲ ብሎ ወደ አረቄ ቤት። እዚያ ደግሞ ሴቶች አሉ። ሚስቱ ብርቄ እርጉዝ ነበረች።

በሚያዝያ ተሰማ ጆንያ ማንሳት አቃተው። «ፀሐይ መታኝ» አለ። «ከጨብሲ ወደ ጨብጥ መንገዱ አጭር ነው!» ብለን ሳቅንበት። ያኔ ጨብጥ ያልያዘው ወንድ አይባልም ነበር፤ ምን ዓይነት ወንድነት እንደሆነ እንጃ። ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ መርፌ ወጋውና «ሚስትህንም አምጣ፤ ሳትወልድ ትታከም፤ አለዚያ በሽታው የሕፃኑን ዓይን ያጠፋል» አለው።

ተሰማ ሱሪውን እያሰረ ተቆጣ። «እሷ ምን ቤት ናት? ድንጋይ ላይ የሸናሁት እኔ!»

መንገዱን ሙሉ ለመንኩት። «ፀሐይ እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ።»

«ፀሐይ ነው አልኩህ! ትዳሬን ልታፈርስ ነው?»

እኔም ግትር ነኝ። እሱ እምቢ ሲል ለብርቄ ራሴ ልነግራት ሄድኩ። ደጃፋቸው ስደርስ እልልታ ሰማሁ፤ ሴት ልጅ ወልዳለች።

ሳምንት ሳይሞላ የልጅቱ ዓይን አብጦ መግል ያዘ። «ሐኪም ዘንድ ውሰዷት!» ብዬ ጮህኩ። አሮጊቶቹ «ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ደጅ አትወጣም፣ ምች ይመታታል» ብለው በሩን ዘጉብኝ። በመጨረሻ ስትወሰድ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር።

ጎረቤት ሊያጽናና ሲመጣ ተሰማ፣ ከልማዱ፣ «ፀሐይ መትቷት ነው» አለ።

ብርቄ ቀና ብላ አየችው። «ልጄ ደጅ ወጥታ አታውቅም። የትኛው ፀሐይ ነው የመታት?»

ተሰማ ተነስቶ ወጣ። እስኪሞት ድረስ ፀሐይን ደግሞ አላነሳም።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ያን ተሸካሚ ክንዱን ያዝኩት። «ሚስት አለህ?»

ሳቁ ቆመ። «አለችኝ፣ ጋሼ።»

«ጥራት። ሐኪም ቤት ሦስታችንም እንሄዳለን።»

የብርቄ ልጅ ዛሬ ፀጉሯ ሸብቷል፤ አማኑኤል አካባቢ ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ሙቀቱ ታዞራለች። ምስኪን ፀሐይ፤ እሱ እንኳ ምንም አላደረጋትም።