የቅርቡ ጉድጓድ ውሃ

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈራችን ወጣቶች ደብተር ይዘው በሬን አንኳኩ። እዚህ ኮምቦልቻ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ የእግር መንገድ እየተሠራ ነው። ግራና ቀኙ ዛፍ ይተከልበታል፤ የሚንከባከበውም ነዋሪው ራሱ ነው። ሐሳቡ ደስ ብሎኝ በመትከያው ቀን እንደምገኝ ነገርኳቸው። ከመካከላቸው አንዲት ፈገግታ የማይለያት ልጅ፣ «እማማ የሺ፣ እርስዎ ጡረታ ላይ ነዎት። የውሃውን ነገር ቢከታተሉልንስ? ተጠሪ ብለን ስምዎን እንመዝግብ?» አለችኝ።

«አይሆንም!» አልኩ። ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ይቅርታ ጠይቀውኝ ሄዱ። ልጄ ከጓዳ ወጥታ፣ «እማዬ፣ ምን አሉሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላሉኝም ነበር። ያን ዕለት ማታ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። እዚህም የምጽፈው እሱን ነው።

አሰብ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወጥቼ የማላውቅ አዲስ መምህርት ነበርኩ። ከጭነት መኪና ጋቢና ስወርድ ፊቴን የገረፈኝ ሙቀት ከሞተሩ የሚወጣ መስሎኝ ከመኪናው ራቅ አልኩ። ሙቀቱ አብሮኝ መጣ። ሾፌሩ ሳቀና፣ «እሱ እንኳ አይለቅሽም፤ እስክትዛወሪ አብሮሽ ነው» አለኝ።

ሰው ግን ሁሉን ይለምዳል። ከሁለት መምህራን ጋር አንድ ቤት ተከራይተን፣ የዓመቱን እኩሌታ አልጋችንን ግቢ አውጥተን እንተኛ ነበር። ከየመኖቹ ቤት ከምድጃ የወጣ ዓሣ በትኩስ ቂጣ ጠቅልለን እየበላን ወደ ባሕሩ መውረድ ለመድን። ከኅዳር እስከ የካቲት አሰብ ሌላ ከተማ ትሆናለች፤ ነፋሱ ይለዝባል፣ ሰው ከቤቱ ይወጣል፣ የወደቡ ክሬኖች እንኳ የተረጋጉ ይመስላሉ።

በሠራተኛው መኖሪያና በባሕሩ መካከል አንድ የተጣለ መሬት ነበር። የተሰበረ ሣጥን፣ የዛገ ጣሳና አሮጌ ጎማ የሞላበት፣ ፍየል የሚርመሰመስበት ቦታ ነው። ቀበሌው ይህን አጽድቶ መናፈሻ ለማድረግና እስከ ባሕሩ የሚወስድ የእግር መንገድ ለማውጣት ወሰነ። በደርግ ጊዜ «ሕዝቡ ወሰነ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። እሑድ እሑድ ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ያስረዳል። ሆኖም አልዋሽም፤ ሥራው ሲገፋ ሰዉ ከልቡ ወደደው። የወደብ ወዛደሮች ከጭነት ሣጥን ሳንቃ አግዳሚ ወንበር ሠሩ። ሴቶች ድንጋዩን ኖራ ቀብተው መንገዱን ዳርና ዳር አስዋቡት። የአሰብ አፈር ጨው ስለሆነ፣ ከደጋ የሚወርዱ ሾፌሮች ከባቲ ጥቁር አፈር በጆንያ እየጫኑ አመጡልን። ያን አፈር ሳሸት አገሬ አገሬ ይለኝ ነበር። ከመቶ በላይ የኒም ችግኝ ተከልንበት።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተሰማ ይባል ነበር። ቀድሞ የወደብ ጸሐፊ የነበረ፣ ሲናገር አንገቱን የሚያሻሽ ሰው ነው። አስተማሪ ስለሆንኩና ጽሕፈቴ ስለሚነበብ የውሃ ተጠሪ አደረገኝ። ሥራዬ በየሳምንቱ ለችግኞቹ ስንት በርሜል ውሃ እንደተሰጠ ሪፖርት መጻፍ ነበር። ውሃውን በአህያ ጋሪ የሚያመጣው ሁመድ የሚባል አፋር ነው። ዕድሜው ሃምሳ የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ንግግሩ አጭር። እኔ አባባ ሁመድ እለዋለሁ፤ እሱ መምህርት ይለኛል። የሚቀዳው ከከተማው ወጣ ብሎ በደረቁ ወንዝ ዳር ካለ ጉድጓድ ነበር። ውሃው ጣፋጭ ነው፤ መንገዱ ግን ሩቅ ስለሆነ በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ አይመላለስም።

በየካቲት መጨረሻ በተደረገ ስብሰባ ሌላው ቀበሌ «ከዕቅድ በላይ» ተብሎ ተጨበጨበለት። የእኛ «ከዕቅድ በታች» ተባለ። ጓድ ተሰማ አንገቱን እያሻሸ አየኝ። አፈርኩ። በማግስቱ ሁመድን ጠርቼ፣ ከመናፈሻው አጠገብ ካለው ጉድጓድ እንዲቀዳ ነገርኩት።

«መምህርት፣ ያ ውሃ መራራ ነው» አለኝ። «ፍየል ይጠጣዋል። ዛፍ አይወደውም።»

«አባባ ሁመድ፣ ውሃ ውሃ ነው። ሙቀቱ ሳይመጣ ችግኞቹ በደንብ ይጠጡ።»

አየኝና፣ «አንቺ ካልሽ እሺ» አለ።

በሳምንቱ ሪፖርቴ ላይ የበርሜሉ ቁጥር እጥፍ ሆነ። በስብሰባው ስሜ ተጠርቶ ተጨበጨበልኝ፤ ጭብጨባው ጣፈጠኝ። ወጣት ነበርኩ፤ ከእናቴ ርቄ፣ ማንም በማያውቀኝ አገር፣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሲያጨበጭብ ምን እንደሚሰማ ለመግለጽ ይከብደኛል።

በመጋቢት አጋማሽ የቅጠሎቹ ጫፍ በእሳት እንደተለበለበ ቡናማ ሆነ። ሙቀቱ ነው አልኩ። ከዚያ ቅጠሉ ይረግፍ ጀመር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎንበስ ብዬ አፈሩን አየሁት። ከባቲ የመጣው ጥቁር አፈር ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ላዩ ነጥቷል። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው ነው። የሚያየኝ ሰው እንዳለ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በአሰብ የኖርኩት እንደዚያ ዙሪያዬን እየቃኘሁ ነው። ሁመድን ወደ ሩቁ ጉድጓድ እንዲመለስ ነገርኩት፤ ግን ረፍዶ ነበር። ሚያዝያ ሲገባ ከችግኞቹ አብዛኞቹ ደርቀው ቆሙ። ለሠራተኞች ቀን ደግሞ ትልቅ ባለሥልጣን መጥቶ መናፈሻውን ሊመርቅ ሦስት ሳምንት ቀርቷል።

እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። ከበላይ የተላከ ካድሬ ከጓድ ተሰማ ጎን ተቀምጧል። ካድሬው ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ይህ የባሰ አስፈራኝ።

«ዛፍ ዝም ብሎ አይሞትም» አለ። «ይህ አሻጥር ነው። ውሃውን የሚያመጣው ማነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሁመድ በሩ ጥግ ተቀምጦ ነበር፤ ተነሣ።

«ከየት ነው የቀዳኸው?»

«ከቅርቡ ጉድጓድ።»

«ዘመዶቹ ድንበሩ ላይ ራሔይታ ናቸው፤ ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ» አለ ከመካከል አንድ ድምፅ። ማን እንደተናገረ ዘወር ብሎ ያየ የለም።

«ማን አዘዘህ?» አለው ካድሬው።

 የተቀመጥኩበትን አግዳሚ በሁለት እጄ ያዝኩ። ስሜን ሲጠራ በጆሮዬ የሰማሁት ያህል ነበር። ሁመድ ግን መሬት መሬት እያየ፣ «ራሴ ነኝ» አለ። «አህያዬ ደክሞ ነበር።»

ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ይዘውት ወጡ። «አሻጥረኞች ይውደሙ!» ተባለ። አዳራሹ እጁን አነሣ። እኔም አነሣሁ።

ቀበሌው ሰው የሚያስርበት ከጣሊያን ጊዜ የቀረ መጋዘን ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ። እኩለ ቀን ላይ እዚያ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሞቅ ማሰብ ይበቃል። ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በዚያ በኩል ነበር፤ ሰኞ መንገዴን ለውጬ በገበያው ዞርኩ። ክፍል ውስጥ ቃል ጽሕፈት እያጻፍኩ መኪና ውጭ ሲቆም ዐረፍተ ነገሩ ይጠፋብኝ ነበር፤ ልጆቹ እርሳሳቸውን አንሥተው ይጠብቁኛል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባችንን «ለጥቂት ጥያቄ» ብለው ከመምህራን ክፍል ወስደውት ነበር። ልብሱን አጣጥፈን ሻንጣ ውስጥ የከተትነው እኛ ነን። ለወንድሙ ሰጠነው፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ያነሣ አልነበረም። አሁን የኔን ልብስ ማን እንደሚያጣጥፈው አስብ ነበር። አብራኝ የምትኖረው አልማዝ ምሳ ላይ፣ «የሺ፣ ወባ ሳይዝሽ አይቀርም፤ እህል አስጠልቶሻል» አለችኝ። ወባ ነው አልኳት። ዓሣው አፌ ውስጥ እንደ ጨርቅ ሆነብኝ።

ማክሰኞም እንዲሁ አለፈ።

ረቡዕ ጠዋት በእረፍት ሰዓት ሰው ይፈልግሻል ተባልኩ። እግሬን እየጎተትኩ ወጣሁ። በር ላይ የቆመችው የሁመድ ሚስት ፋጡማ ነበረች። በሳህን ያለ ምግብ በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች።

«መምህርት፣ ሰላም አለይኩም» አለችኝ። «ማመልከቻ ጻፊልኝ። እኔ አማርኛ መጻፍ አላውቅም። አንቺ ለሁመድ ጥሩ ነሽ፤ እሱ ሁልጊዜ ያወራል።»

ወደ ክፍል አስገብቼ አስቀመጥኳት። ወረቀት አወጣሁ።

«ምን ልበል?»

«አያውቅም በይ። የበረሃ ሰው ነው፣ የውሃውን ነገር አያውቅም፣ ይቅር በሉት በይ።»

«ባለቤቴ ባለማወቅ የፈጸመውን ጥፋት» ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶው ቆመ። ሁመድ ያውቅ ነበር። ያላወቀችው፣ ቢነግሯትም ያልሰማችው፣ ይህን የምትጽፈው መምህርት ናት።

«ፋጡማ፣ ሁመድ ምን ነገረሽ?»

«ምንም። ወላሂ ምንም። ዝም በይ አለኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። ታውቅ እንደነበረና እንዳልነበረ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

«ምግቡን አድርሺለት። ማመልከቻውን እኔ እወስደዋለሁ» አልኳት። ስትሄድ ወረቀቱን ቀድጄ፣ ከቅርቡ ጉድጓድ እንዲቀዳ ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብዬ በራሴ ስም ሌላ ጻፍኩ። አራት መስመር አይሞላም። እንዳላስብ ብዬ ሳላነበው አጠፍኩትና በፀሐዩ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ከትምህርት ቤት እስከ ቀበሌ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ፤ አንዴ ለመመለስ ዞሬ ነበር።

ጓድ ተሰማ ብቻውን ነበር፤ ቬንቲላቶሩ ከራሱ በላይ ይንጫጫል። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ቆለፈ። አበቃልኝ አልኩ።

«ይህን ሌላ ሰው አይቶታል?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ማንም አላየውም።»

«ያንቺን ሪፖርት ፈርሜ ወደ በላይ የላክሁት ማነው? 'ከዕቅድ በላይ' ብዬ የጻፍኩት ማነው? አንቺን ይዘው እኔን የሚተዉኝ መስሎሻል? አራት ልጆች አሉኝ፣ የሺ።» ጓድ ሳይል በስሜ የጠራኝ ያኔ ብቻ ነው። ክብሪት ለመጫር ሦስት እንጨት ሰበረ። ወረቀቱን መተርኮሻው ውስጥ አቃጠለው። እንደዚያ የምፈራው ሰው እንዲህ ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ከባሕር የመጣ ጨዋማ ነፋስ ነው ብዬ እጽፋለሁ። ሰውየው ዛሬ ይወጣል። አንቺ ዝውውር ትጠይቂያለሽ። በባሕሩ ጠረፍ ወደ ሰሜን ያለችው ጥዖ አስተማሪ የላትም።»

ሁመድን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀቁት። ነገሩን ያላወቀው ነዋሪ ደግሞ በቀረው ጊዜ የሚገርም ሥራ ሠራ። ካድሬው ስለተቆጣ ብቻ አይደለም፤ የደከመበት መንገድ ወና ሆኖ ማየት አልቻለም። በየቤቱ በዘይት ጣሳ የሚያበቅለውን አበባ ሁሉ ተሸክሞ መጣ። ሾፌሮች ከባቲ ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው በቦቴያቸው ጋቢና አወረዱ። ጨው የነካውን አፈር አውጥተን በአዲስ ተካነው። ባለሥልጣኑ መጣ፤ በመንገዱ ሩብ ሰዓት ያህል ተራምዶ፣ ሙቀቱ ሲበረታበት መኪናው ውስጥ ገባ።

ወደ ጥዖ ከመሄዴ በፊት አሰብ ሰጊር በሚባለው ሰፈር ወዳለው የሁመድ ቤት ሄድኩ። ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ሲነሣ ጎኑን ይይዛል። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በእጁ ከለከለኝ።

«ለምን ዝም አሉ?» አልኩት እያለቀስኩ። «ስሜን ለምን አልጠሩም?»

ጥያቄው የገረመው መሰለ።

«አንቺ ብትታሰሪ ምሳ ማን ያመጣልሻል?» አለኝ። «እኔ ፋጡማ አለችኝ።»

 ሻይ በወተት አቀረቡልኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ። ወደ መናፈሻው ሥራ ተመልሶ እንዳልሄደ ኋላ ሰማሁ። ጥዖ አንድ ዓመት አስተምሬ ወደ ወሎ ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲያ አሰብን አላየሁም፤ እሱንም አላገኘሁትም።

ልጄ ይህን ሁሉ ስነግራት አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጄን ያዘችና፣ «ግን እኮ እማዬ፣ ሄደሽ ተናገርሽ። ዋናው እሱ ነው» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፤ እኔም እሷን ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ፍርሃት በዚያ ዘመን የሁላችንም እንጀራ ነበር፣ ማን ከማን ይለያል ብዬ ራሴን ያጽናናሁበት ጊዜም ብዙ ነው። ሁመድ ግን በዚያው ዘመን ውስጥ ይኖር ነበር፤ በዚያው አዳራሽ ቆሞ ነበር።

እሱን የያዙት እሑድ ነው። እኔ የሄድኩት ረቡዕ ነው። በመካከሉ ሰኞና ማክሰኞ አሉ።