ከባሌ ዛፍ የተቆረጠው ቀንበጥ

ባሌ የሞተው እዚሁ ጁባ ነው። አስከሬኑን በአውሮፕላን አገር ቤት ላክነው፤ እኔ ሱቁን ለማን ጥዬ ልሂድ፣ ቀረሁ። መቃብሩን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ሲከፋኝ የምሄደው ሃይ ማላካል ሰፈር በተከራየነው ግቢ እሱ ወደተከላት የቲክ ዛፍ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሥሯ ቁጭ ብዬ፣ አንተ እዛ ተጋድመሃል፣ እኔ እዚህ የሰው ሽንኩርት እመዝናለሁ እያልኩ እነዘንዘዋለሁ። ዝም ነው። በሕይወት እያለስ መቼ መልሶልኝ ያውቃል።

አከራያችን ክፍል ልሠራ ነው፣ ዛፏ ትቆረጣለች አለ። ልጄ የምትሠራው ችግኝ በጠርሙስ የሚያራቡበት ላብራቶሪ ነው። ከዛፏ ጫፍ ለጋ ለጋውን ቀንበጥ ቆርጣ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ሙቅ በረጋ የችግኝ ምግብ ላይ ተከለችው።

"ደግሞ አባትሽን በጠርሙስ ልታሳድጊው ነው?" አልኳት። ሳቀች።

እሷ እንደምትለው ጣጣው ሥርና እንጨት ሳይጠባበቁ ሲቀሩ ነው። ቀንበጡ ገና ለስላሳ ሳለ ሥር ማውጣት አለበት። ሥሩ ውሃ ሲልክለት ቀስ እያለ እንጨት ይሆናል፤ እንጨቱ ሲጠነክር ደግሞ ውሃውን እስከ ቅጠል ያደርሳል። ቀድሞ ከጠነከረ ግን ሥሩ መውጫ ያጣል። የአሮጌ ዛፍ ቀንበጥ ደግሞ ለመጠንከር ይቸኩላል። አባትሽን ነው የወጣው በይኛ፣ አልኳት።

አብዛኞቹ ቀንበጦች እንዲሁ ግትር እንዳሉ ደረቁ። አንዷ ብቻ ነጭ ሥር አወጣች። ልጄ ወደ አፈር አዛውራ፣ ላስቲክ አልብሳ ቤት አመጣችልኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ብዙም ሳትቆይ ጠወለገች። ልጄ ግንዷን ሰንጥቃ አሳየችኝ። ሥሩ የበቀለው ከተቆረጠችበት ቁስል ላይ ካበጠው ነገር ነው፤ የውሃው መንገድ ከእንጨቱ ጋር አልገጠመም። ሥርም ነበራት፣ ግንድም ነበራት፣ አልተገናኙም።

"አይዞሽ እማዬ፣ ዛፏ ትቆረጥ" አለችኝ። "ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው እንደ ሕፃን ነው፣ ሥር ለማውጣት አያስቸግርም።"

ስለዚህ ዛፏ ስትወድቅ አላለቀስኩም። ለቆራጮቹ ምሳ ሰጠኋቸው፣ ሻይ ስኳር ጨምሬ አጠጣኋቸው። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ጉቶው አጠገብ ቁጭ ብዬ ውሃ አጠጣው ጀመር። ለአከራዩ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ የአሮጊት ነገር ብሎ እንዳይስቅብኝ።

አንድ ቀን ካስተም ገበያ ዕቃ ላመጣ ሄጄ ስመለስ፣ አከራዩ ጉቶው ላይ ሲሚንቶ አፍስሶ አስተካክሎታል። ሰውዬው ደግ ነው፤ ከፊቱም ያስታውቃል።

"ማሌሽ ሀቦባ" አለኝ፣ ይቅርታ አያቴ ማለቱ ነው። "በየቀኑ እያየሽው እንዳታለቅሺ ብዬ ነው።"

ሹክራን ብዬ አመሰገንኩት።

ልጄ ከሥራ ስትገባ፣ ቡቃያ ወጥቶ እንደሆነ ልታይ በቀጥታ ወደዛ አመራች። ሮጬ እጇን ያዝኳት።

"እንዳትረግጪው" አልኳት፣ "ገና እርጥብ ነው።"