ዋሴን ያጾመው ድስት

የዓለምወርቅ በደባርቅ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፕ መቺ ነበረች። በ1975 ዓ.ም. ዕድሜዋ ሠላሳ፣ ልጆቿ ሦስት። ባሏ ላቀው የመንገድ ሠራተኛ ነው፤ ሊማሊሞ ላይ ናዳ በወረደ ቁጥር ይጠራና አንድ ሁለት ሳምንት እዚያው ድንኳን ውስጥ ይከርማል። እሷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ ትገባለች። ማክሰኞ ማታ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አለባት። ሐሙስ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቀበሌ ዘመቻ አለ፤ ወይ ችግኝ ተከላ፣ ወይ ቦይ ቁፋሮ።

ቤቱን የያዙት አማቷ ወይዘሮ ሸጊቱ ናቸው። የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ከዳባት ገጠር ለአራስ ጥየቃ መጥተው በዚያው ቀሩ። ላማቸውንና ዶሮዎቻቸውንም አስመጡ። ከዚያ ወዲህ ማጀቱ የእሳቸው ነው፤ የዓለምወርቅም በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። ከቢሮ ስትመጣ የበሰለ ነገር ታገኛለች። ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለች?

ነገሩ የመጣው በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት ነው። የመጨረሻውን ልጇን ዋሴን ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ዓመት ከስድስት ወሩ ነበር። ባዘዘው የሚባለው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ልጁን ሚዛኑ ላይ አንጠልጥሎ አየው፤ አወረደና እንደገና ሰቀለው። ስምንት ኪሎ።

"ይህ ልጅ ምን ይበላል?"

"እኛ የምንበላውን።"

"እናንተስ?"

"ጾም አይደል? ሽሮ ነዋ።"

"እሱም ይጾማል?"

የዓለምወርቅ ሳቀች። ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ማን ጹም ይለዋል? ባዘዘው ግን አልሳቀም። የዓይኑን ቆብ ገልብጦ አየ፣ እግሩን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ፣ የዕድገት መስመር በተሠመረበት ካርዱ ላይ ነጥብ አስቀመጠ። ነጥቡ ከመስመሩ በታች ወረደ።

"ልጁ አልታመመም" አላት። "ተርቧል።"

ከኋላዋ ከገጠር የመጡ እናቶች ተሰልፈው ነበር። ሁሉም ሰሙ። የወር ደመወዝተኛ፣ በደጇ የምትታለብ ላም ያላት ሴት፣ ልጅሽ ተርቧል ተባለች።

ባዘዘው አራት ሳምንት ሰጣት። ካልጨመረ ወደ ጎንደር ሆስፒታል እልከዋለሁ አለ። የጎንደርን ነገር የዓለምወርቅ ታውቀዋለች። አንዲት ጎረቤቷ አምና ልጇን ይዛ ሄዳ ሁለት ወር ተኝታለች፤ የተመለሰችው ብቻዋን ነው።

ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ቀን ቆጠረች። ዋሴ ወተት የጠጣው የቅበላ ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የለም። ከዚያ በፊት ነነዌ ነበር። ከዚያም በፊት የገና ጾም፤ አርባ ሦስት ቀን። ረቡዕና ዓርብ ሲታከልበት፣ ልጁ ጡት ከጣለበት ከመስከረም ወዲህ ግማሹን ያህል ቀን ጾሟል። ጹም ያለው ሰው ግን የለም። ያጾመው ድስቱ ነው። ጾም ሲገባ ሸጊቱ የፍስኩን ዕቃ በአመድ ፈትገው ቆጥ ላይ ይሰቅሉታል። ወተቱ ለፋሲካ ቅቤ እንዲሆን ይረጋል። እንቁላሉ ገብስ ውስጥ ይቀበራል። እሳቱ አንድ፣ ድስቱ አንድ፤ ዋሴ ከዚያው ድስት ቀጠን ያለ የሽሮ ፍትፍት ይጎርሳል። ከሁለቱ ሴቶች አንዳቸውም ይህን ጾም ብለው አስበውት አያውቁም።

ያን ዕለት ማታ ለአማቷ ነገረቻቸው። ሸጊቱ ልጁን አቅፈው ክንዱን ዳሰሱ። ቢሆንም በጾም ወተት እሳታቸው ላይ እንዲፈላ አልፈቀዱም። የዓለምወርቅ ጠዋትና ማታ እኔ አበስላለሁ አለች። ቀን ላይስ? ስብሰባ ባለ ዕለትስ? ያለ ሸጊቱ እንደማይሆን ሁለቱም ያውቁታል። ስለዚህ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ሀብተ ሚካኤልን ቅዳሜ አስጠራች።

መምሬ ነገሩን ሰምተው ለመፍረድ አልዘገዩም። "ሸጊቱ፣ ሕፃን ጾም የለበትም። ድስትም ነፍስ የለው፤ ታጥቦ ይጠራል።"

"እሱንማ አላጣሁትም፣ አባቴ። እኔ የፈራሁት ድስቱን አይደለም፤ እጄን ነው።"

"እጅሽ ምን አደረገ?"

"አርባ ዓመት ወጥ ሠራሁ። ድስት ካማሰለ ሳያማክረኝ ወደ አፌ ይሄዳል። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድም ጾም አልፈታሁ፤ አሁን ለአንድ ጣት ወተት ልፍታ?"

መምሬ ሳይታወቅ የሆነ አይቆጠርም ብለው አጽናኗቸው። ሸጊቱ እግዜር ይስጥልኝ አሉ፤ ከአቋማቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

የዓለምወርቅ ሌሊቱን ስታስበው አደረች። መምሬ ያልመለሱትን ጥያቄ ራሷ መመለስ ነበረባት፦ የማይቀመስ ምግብ። እሑድ ከዘመቻው ቀረች፤ ስሟ በቀሪነት ተጻፈ። ሁለት እጅ ገብስ፣ አንድ እጅ ባቄላ ቆልታ አስፈጨች። ከቤቱ ኋላ ሦስት ጉልቻ ተከለች፤ ትንሹን ድስት ከቆጥ አወረደች። ልኩን ሁሉ በአንዲት ጣሳ አደረገችው፦ ግማሽ ጣሳ ዱቄት፣ አንድ ጣሳ ወተት፣ አንድ ጣሳ ውኃ፣ ሲንተከተክ፣ በቀን አንዴ፣ አንድ እንቁላል ተመትቶ፤ ቀን ላይ አንድ እፍኝ የደቀቀ ጎመን። ጨው የለ፣ ስኳር የለ፤ ስለዚህ የሚቀመስ ነገር የለም። ሙቀቱ እጅ አንጓ ላይ ጠብ ተደርጎ ይለካል፤ ጠብታው እንዳይላስ በጨርቅ ይጠረጋል።

ሸጊቱ ቆመው አዩ። "ሳይቀመስ የሚበስል! ይህ የቢሮ ገንፎ ነው" አሉ።

በማግስቱ ግን ማማሰያውን ራሳቸው ያዙ። መጀመሪያ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጠምጥመው ከማጅራታቸው አሰሩት። ድስቱ ሲንተከተክ እጃቸው እንደፈሩት ተነሣ፤ ሄዶ ጨርቁን መታ። ሸጊቱ በጨርቁ ውስጥ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ ታስረው ያበስሉ ነበር።

ላቀው ከሊማሊሞ ሲመጣ የወተት ሽታ ከደጅ ተቀበለው። ፋሲካ በሌለሁበት አለፈ እንዴ ብሎ ቀለደ። እናቱን አፋቸው ታስሮ ሲያይ ጥርሳቸውን ያመማቸው መስሎት ደነገጠ። ነገሩን ሲሰማ ለድስቱ የሚሆን እንጨት ፈልጦ ወደ ሥራው ተመለሰ። የተረፈው ባቄላ ንፍሮ ሆኖ ለትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄድ ጀመር፤ በጠዋት ደረቅ እንጀራ ከመያዝ ይሻላቸዋል ተብሎ።

ገንፎው በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ዋሴን ተቅማጥ ያዘው። ሦስት ቀን የገባው ሁሉ ወጣ። የዓለምወርቅ የታይፑ ፊደል አምልጧት አንድ ደብዳቤ አራት ጊዜ ደገመች። ሸጊቱ ግን ገንፎውን አቅጥነው፣ ሩብ ሩብ ሲኒ፣ በየሰዓቱ ሲያጎርሱት ዋሉ። በአራተኛው ቀን ልጁ ሲኒውን ራሱ ጎተተ።

የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ባዘዘው እንደገና ሰቀለው። መርፌው ወዲያ ወዲህ ብሎ ቆመ። ስምንት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ነጥቡ ከመስመሩ በታች ነው፤ ግን ወደ ላይ አቅንቷል። ባዘዘው የጎንደሩን ወረቀት አልጻፈም። "በዚሁ ቀጥሉ፤ ከወር በኋላ ላየው" አላት።

ሸጊቱ ደጅ ቆመው ይጠብቋት ነበር።

"ስንት ጨመረ?"

"አራት መቶ ግራም፣ እማማ።"

"እሱ ስንት ይሆናል?"

የዓለምወርቅ አሰበች። "አሥር እንቁላል ያህል።"

ሸጊቱ በጣታቸው ቆጠሩ። "ሃያ ስድስት እንቁላል አብልቼው አሥር? የቀረው የት ገባ?" ልጁን ከጀርባዋ አወረዱና በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው መዘኑት። "በሚመጣው ወር እኔ እወስደዋለሁ። ያ ሰው ሚዛኑን እንዴት እንደሚያነበው ቆሜ አየዋለሁ።"